ሜዳ ነው ተብሎ አይናቅ፦ በፈረንሳይ ቦዮችና ረግረጎች ዳር ስለሚደረግ የእግር ጉዞ

ክቡር አዘጋጅ፣

በጋዜጦቻችን የጉዞ ገጾች ላይ ፈረንሳይ ስትነሳ ወሬው ከኤፍል ማማ ይጀምርና በአንድ ዝላይ አልፕስ ተራራ ላይ ያርፋል። በሁለቱ መካከል ያለው ሰፊ ገጠር፣ ከነቦዮቹና ከነረግረጎቹ፣ ቢጠቀስም "ሜዳ ነው፣ ማንም ይሄደዋል" ተብሎ ይታለፋል። ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ወደዚያ ብቅ የሚሉ ብዙ ወላጆች አሉ። ጉልበታቸው ዳገት አይችልም፤ ቀኑን ሙሉ ፎቅ ላይ ተዘግቶ መዋልም ያማርራቸዋል። ለእነሱም ሆነ ሕፃን በጋሪ ለሚገፉ ቤተሰቦች ከውሃ ዳር መንገድ የተሻለ የለም ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ሜዳነቱ ብቻውን ጉዞውን ቀላል አያደርገውም። አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር አለ፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ስለዚያ ነው።

ከሁሉ በፊት ቦይና ረግረግ አንድ አይደሉም። በቦይ ዳር ሰው አይጠፋም፤ ውሃውን በቀኙ ወይም በግራው ይዞ መሄድ ነው። መንገዱን ማሳጠር ግን አይቻልም። ደከመኝ ብሎ ቢቆም የሚቀጥለው ድልድይ ሦስት ኪሎ ሜትር፣ የሚቀጥለው ባቡር ጣቢያ ዐሥር ኪሎ ሜትር ሊርቅ ይችላል። ረግረግ የዚህ ተቃራኒ ነው። ሁሉም ነገር ቅርብ ይመስላል፤ ግን መሬቱ በውሃ የተቆራረጠ ስለሆነ ማዶ ያለውን ቤት በዓይን እያዩ እዚያ ለመድረስ የአንድ ሰዓት መንገድ መዞር ያጋጥማል። ስለዚህ ቦይ ላይ የሚታሰበው ርዝመቱና መመለሻው ነው፤ ረግረግ ላይ ድልድዮቹ።

ቦዮቹ ለእግር የተመቹበት ምክንያት አለ። ሞተር ከመምጣቱ በፊት ጀልባዎቹን የሚጎትቱት ፈረሶችና ሰዎች ነበሩ፤ የዳሩ መንገድ የተሠራው ለእነሱ ነው። ውሃውም ደልዳላ ሆኖ ነው የሚሄደው። ከፍታ መቀየር ሲያስፈልግ ጀልባው ኤክሉዝ በሚባለው ባለ ሁለት በር ገንዳ ውስጥ ይገባና ውሃው ሲሞላ ከፍ፣ ሲጎድል ዝቅ ይላል። እግረኛውም አቀበት የሚያገኘው እዚያው ኤክሉዙ አጠገብ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለትና ሦስት ሜትር አይበልጥም።

ከቦዮቹ ሁሉ የታወቀው ከቱሉዝ ተነስቶ በሜዲትራኒያን ዳር እስካለው የቶ ሐይቅ የሚዘልቀው ካናል ዱ ሚዲ ነው። ርዝመቱ 240 ኪሎ ሜትር ነው። ፒየር ፖል ሪኬ የተባለ የጨው ግብር ሰብሳቢ ነበር ያስቆፈረው፤ ሥራው በ1666 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ ቦዩ በ1681 ሲከፈት ሪኬ በዓመቱ ቀድሞ አርፎ ነበር። ዩኔስኮ በ1996 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ለእግረኛ ትልቁ ጸጋው ግን ቅርስነቱ ሳይሆን የባቡር ሐዲዱ ነው። ከቱሉዝ በካስቴልኖዳሪ፣ በካርካሶንና በናርቦን አድርጎ ቤዚዬ የሚደርሰው መስመር ብዙውን መንገድ ከቦዩ ብዙም ሳይርቅ ይሄዳል፤ ስለዚህ አንድ አቅጣጫ ብቻ በእግር ሄዶ ሌላውን በባቡር መሸፈን ይቻላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል። ጠዋት በእግር ይነሳና ማታ በባቡር ለመመለስ ያስባል። የገጠር ባቡር በየሰዓቱ የሚመጣ አይደለም፤ አንዱ ካመለጠ ሁለትና ሦስት ሰዓት መጠበቅ አለ፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ደግሞ የመጨረሻዎቹን ኪሎ ሜትሮች እየሮጠ ይጨርሳቸዋል። የሚሻለው ጠዋት በባቡር ወደ ሩቁ ጫፍ ሄዶ በእግር ወደ ማደሪያው መመለስ ነው። ያኔ የሚያጣድፍ ሰዓት የለም።

ለመጀመሪያ ቀን ካስቴልኖዳሪን እመርጣለሁ። ከተማዋ ዳር ጀልባዎች የሚያርፉበት ሰፊ የውሃ ማጠራቀሚያ አለ። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ሲወጡ ወዲያው ሳን ሮክ የተባለው ኤክሉዝ ይገኛል፤ አራት ገንዳዎች እንደ ደረጃ ተከታትለው የተሠሩበት ነው። በሞቃቱ ወራት ጀልባ ሲያልፍ ቆሞ ማየት የሚገባ ሥራ ነው። ከዚያ እስከ ብራም 15 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ብራም ላይ ግን ጣቢያው ከቦዩ ዳር ስለማይገኝ እስከዚያ የሚኬደውን ተጨማሪ መንገድ ማሰብ ያስፈልጋል። ይህ የሚበዛበት ካርካሶን ይሂድ። እዚያ የባቡር ጣቢያው ከቦዩ ፊት ለፊት ነው፤ ከባቡር ወርዶ አንድ ሰዓት ወደፊት ሄዶ በዚያው መመለስ ይቻላል፤ ስሌትም አያሻውም።

አሁን አብዛኞቹ ጽሑፎች የማይጠቅሱትን ልንገር። በየኤክሉዙ አጠገብ የጠባቂው ቤት አለ፤ በብዙዎቹ ግድግዳ ላይ ደግሞ አሮጌ ሰሌዳ ተለጥፏል። በላዩ የኤክሉዙ ስም፣ ከጎኑም ወደ ላይኛውና ወደ ታችኛው ኤክሉዝ ያለው ርቀት በሜትር ተጽፎበታል። ለጀልባ ነጂዎች የተሠራ ቢሆንም ለእግረኛ ከማንኛውም ስልክ ይሻላል። በሜዳ ላይ የተለመደው ፍጥነት በሰዓት አራት ኪሎ ሜትር ስለሆነ እያንዳንዱ 1000 ሜትር 15 ደቂቃ ይሆናል። ሰሌዳው 3000 ካለ ሦስት ሩብ ሰዓት ማለት ነው። ከልጅ ጋር ወይም ከአረጋዊ ጋር ከሆነ አንድ ሦስተኛ ይጨመርበት። አንድ ሰው ቢወድቅ ወይም ቢታመም ደግሞ በ112 ሲደወል የሚጠየቀው የመጀመሪያ ነገር "የት ናችሁ?" ነው፤ የመጨረሻውን ኤክሉዝ ስምና ከዚያ ወዲህ ወደየት አቅጣጫ ስንት ደቂቃ እንደተሄደ መናገር ለረዳቶቹ ይበቃቸዋል። ፈረንሳይኛ መናገር የማይችል በስሙ ፊደላት ብቻ ሊግባባ ይችላል፤ ስለዚህ በየኤክሉዙ ሰሌዳውን በስልክ ፎቶ ማንሳት ጥሩ ልማድ ነው።

በካናል ዱ ሚዲ ላይ ኤክሉዝ የሌለበት ክፍልም አለ። ከአርዣንስ እስከ ቤዚዬ ዳር እስካሉት የፎንስራን ኤክሉዞች ድረስ 54 ኪሎ ሜትር ውሃው አንድ ከፍታ ይዞ ይጠማዘዛል። በካርታ ሲታይ ቀላሉ ይመስላል፤ በተግባር ግን ሰሌዳ የለም፣ የጠባቂ ቤት የለም፣ ብዙ ቦታ ላይ ቧንቧ የለም። ቦዩ የኮረብታውን ወገብ እየተከተለ ስለሚዞር በአየር አምስት ኪሎ ሜትር የሚመስለው በእግር ስምንትና ዘጠኝ ሊሆን ይችላል። ለጀማሪ አልመክረውም።

ስለ ውሃ ካነሳን፦ በሙቀት ለግማሽ ቀን ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር መያዝ ነው። መሙያ ሲጠፋ የፈረንሳይ እግረኞች ወደ መንደሩ መቃብር ይሄዳሉ፤ አበባ ለማጠጣት የተዘረጋ ቧንቧ በአብዛኛው አይጠፋም። "ኦ ኖን ፖታብል" የሚል ጽሑፍ ካለበት ግን አይጠጣም። ሱቅና ዳቦ ቤትን መተማመን አደገኛ ነው። በገጠር ከቀኑ 6 እስከ 8 ሰዓት፣ በእነሱ አቆጣጠር ከ12 እስከ 14፣ ይዘጋሉ፤ እሑድ ከሰዓትና ሰኞ ብዙዎቹ ጨርሶ አይከፍቱም። ምሳ ከመነሻው ተይዞ ይወጣ።

ጥላውም እንደ ድሮው አይደለም። ካናል ዱ ሚዲን ያስዋቡት የፕላታን ዛፎች በ2006 በቦዩ ዳር በተገኘ የፈንገስ በሽታ እየሞቱ ነው። መድኃኒት ስላልተገኘለት የታመመው ዛፍ ከነጎረቤቶቹ ተቆርጦ ይቃጠላል፤ በምትኩ ሌሎች ዝርያዎች እየተተከሉ ቢሆንም ገና ትንንሽ ናቸው። በአሮጌ ፎቶ ላይ ጣሪያ የመሰለ ጥላ የሚታይበት ቦታ ዛሬ ራቁቱን ፀሐይ ሊሆን ይችላል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ማለዳ ተነስቶ ከቀትር በፊት መጨረስ ነው የሚሻለው።

ከደቡቡ ሙቀት ለሚሸሽ ወደ ሰሜን ያለው የቡርጎኝ አውራጃ አለ። ካናል ደ ቡርጎኝ 242 ኪሎ ሜትር ሆኖ 189 ኤክሉዞች አሉት፤ የጀልባ ነጂ የሚማረርበት ለእግረኛ በረከት ነው፤ በየጥቂት ደቂቃው ማረፊያ፣ ሰሌዳና መሻገሪያ ይገኛል። በሞንባርና በሌ ሎም የባቡር ጣቢያዎች መካከል ያለው ክፍል ከ15 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። በክረምታቸው፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ፣ የቦዮቹን አንዳንድ ክፍል ለጥገና አድርቀው ጭቃውን ያወጣሉ፤ ያኔ የሚታየው ውሃ ሳይሆን ጭቃና የተጣለ ብስክሌት ነው። በፈረንሳይ የአብዛኞቹ ቦዮች አስተዳዳሪ የሆነው ቮዋ ናቪጋብል ደ ፍራንስ የጥገናውን ጊዜ አስቀድሞ ስለሚያወጣ ከመነሳት በፊት ማየት ይጠቅማል።

እግር ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጉዞ የሚበላሸው ከሁሉ በላይ በዚያ ነውና። ዳገትና ቁልቁለት ባለበት መንገድ ጡንቻ እየተፈራረቀ ይሠራል። ሜዳ ላይ ግን ተረከዝ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ማዕዘን፣ ለሰዓታት ይመታል። ስለዚህ በተራራ 12 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በቦይ ዳር በ12 ኪሎ ሜትር ውሃ መቋጠሩ አያስገርምም። ጠንካራና ቁርጭምጭሚት የሚይዝ የተራራ ጫማ እዚህ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ቀላልና ሶሉ ወፍራም የሆነ፣ ቀድሞ የተለማመዱት ጫማ፣ ከጥጥ ያልሆነ ካልሲ። የሚያሳክክ ወይም የሚያቃጥል ስሜት እንደተሰማ ወዲያው ቆሞ ፕላስተር መለጠፍ፤ "ኤክሉዙ ጋ ስደርስ" ማለት ከውሃ መቋጠር በኋላ ያደርሳል። በየሰዓቱ ጫማ አውልቆ አምስት ደቂቃ ማረፍም ይረዳል።

አንዳንዱ የቦይ ዳር አስፋልት ነው፣ አንዳንዱ የተጠቀጠቀ አሸዋ፣ አንዳንዱ ሣርና የዛፍ ሥር። የሕፃን ጋሪ ወይም ተሽከርካሪ ወንበር ያለው "ቩዋ ቬርት" (አረንጓዴ መንገድ) የሚባለውን፣ የእግረኛና የብስክሌት ሥዕል ያለው ሰማያዊ ምልክት የተተከለበትን ክፍል ይምረጥ፤ ሞተር አይገባበትም፣ መሬቱም ደልዳላ ነው። ሞተር ለመከልከል የተተከለው ጠመዝማዛ ብረት ግን ሰፊ ጋሪ ላያሳልፍ ይችላል። ብስክሌቶች ይበዛሉ፤ ደወል ሲሰማ ወደ ቀኝ ጠጋ ብሎ ቀጥ ማለት እንጂ ወደ ግራና ቀኝ መዋለል አደጋ ያመጣል። ዓሣ አጥማጅ ረጅም ዘንጉን በመንገዱ ላይ አጋድሞ ከተገኘ አይረገጥም፤ ሰላም ብሎ እስኪያነሳው መጠበቅ ነው።

ቦይ ጥልቅ ባይመስልም ሰው ያሰጥማል፤ ክፋቱ ዳሩ ነው። ብዙ ቦታ ላይ ዳሩ በቆመ ብረት ወይም በድንጋይ ግንብ የታጠረ ስለሆነ የወደቀ ሰው የሚጨብጠው የለውም። ተከትሎ መዝለል ሁለተኛ ሰው መጨመር ነው፤ ከላይ ሆኖ ዱላ፣ ገመድ ወይም ሻርፕ መዘርጋትና ወደ ቅርቡ መሰላል እየመሩ መውሰድ ይሻላል። በኤክሉዝ በር ላይ መሻገር የሚቻለው መደገፊያ ያለው መተላለፊያ ካለና ክልክል ነው የሚል ካልተለጠፈ ብቻ ነው።

ወደ ረግረጉ እንሂድ። ከፈረንሳይ ረግረጎች በስፋቱ በደቡብ ካለው ከካማርግ ቀጥሎ የሚመጣው በምዕራብ ያለው ማሬ ፑዋትቬን ነው። መግቢያው የኒዮር ከተማ ናት፤ ከፓሪስ በፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ቦዮቹን መነኮሳት ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ነው ያስቆፈሩት፤ በ1217 የተቆፈረው ቦይ እስከ ዛሬ የአምስቱ ገዳማት አለቆች ቦይ ይባላል። ለተጓዥ ወሳኙ ነገር ግን ረግረጉ ሁለት ዓይነት መሆኑ ነው። በኩሎን፣ በላ ጋሬትና በአርሴ መንደሮች ዙሪያ ያለው እርጥቡ ክፍል በጠባብ ቦዮችና ፍሬን በሚባሉ ዛፎች የተሸፈነ፣ ጥላ ያለውና ነፋስ የማይገባበት ነው። ወደ ባሕሩ ያለው የደረቀው ክፍል ደግሞ በግድብ የተከለለ እርሻ ነው፤ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ዛፍ አልባ፣ ነፋሱ ፊት ለፊት የሚመታ። በካርታ ሁለቱም አረንጓዴና ሜዳ ናቸው። "ረግረግ አየሁ፣ ምንም የለውም" ብለው የሚመለሱት አብዛኞቹ ሁለተኛውን ያዩ ናቸው። ከኩሎን ተነስቶ በላ ጋሬት በኩል የሚዞረው መንገድ ግማሽ ቀን አይሞላም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እሱ ይበቃል።

እዚህ ካርታ ግድ ነው። የብሔራዊው የካርታ ድርጅት ኢዥኤን የሚያሳትመው 1 ለ25000 ካርታ፣ አራት ሴንቲ ሜትሩ አንድ ኪሎ ሜትር የሆነው፣ ትንንሽ የእግር ድልድዮችን ሳይቀር ያሳያል። ጥቂት ቦታ ላይ ደግሞ በድልድይ ፈንታ ሰንሰለት ያለው ጠፍጣፋ ጀልባ አለ። ጀልባው ማዶ ከሆነ ሰንሰለቱን ቀስ እያሉ መሳብ፣ ሲደርስ አንድ በአንድ ገብቶ መሐል ላይ መቆም፣ ከዚያ በሌላው ሰንሰለት ራስን መጎተት። የሚችለው ሰው ቁጥር ተጽፎበታል፤ ሁሉም ለመውጣት በአንድ ጎን ሲጋፋ ነው የሚያጋድለው። ሰንሰለቱን በጣት ላይ መጠቅለልም አይገባም።

የረግረጉ ትልቁ አደጋ ግን የሚያምረው ነገር ነው። በበጋቸው የተኛው ውሃ በጥቃቅን ተንሳፋፊ ቅጠል ይሸፈንና የታጨደ ሣር ይመስላል። ልጅና ውሻ መስክ መስሏቸው ይረግጡታል። ከሥሩ ያለው ደግሞ ጠንካራ መሬት ሳይሆን ለዘመናት የበሰበሰ ቅጠልና ጭቃ ነው። የአካባቢው ጀልባ ቀዛፊዎች በረጅም ዘንጋቸው ወለሉን ቆስቁሰው የሚወጣውን ጋዝ በክብሪት ሲያቀጣጥሉት እንግዳ ይደነቃል፤ ያ እሳት እግር ቢገባበት የሚውጥ መሬት እንደሆነ ይነግራል። ልጆች ከመነሳታቸው በፊት "አረንጓዴው ውሃ ነው" ተብሎ አንድ ድንጋይ ተወርውሮ ይታይላቸው፤ ከማስጠንቀቂያ ሁሉ ይሻላል።

ዳሩም አይታመንም። ከደቡብ አሜሪካ የመጣው ራጎንደን የሚባል ትልቅ አይጥ መሳይ እንስሳ ዳሩን በጉድጓድ ያነድላል፤ ከላይ ደህና የሚመስለው ሣር ከሥሩ ባዶ ነው። በተለይ ከዝናብ በኋላ ከዳሩ አንድ ሜትር ተኩል ፈቀቅ ብሎ መሄድ ነው። ይህ እንስሳና አይጥ በሽንታቸው ሌፕቶስፓይሮሲስ የተባለ በሽታ ያስተላልፋሉ፤ ስለዚህ ቁስል በቦይ ውሃ አይታጠብም፣ ክፍት ቁስል ተሸፍኖ ይኬዳል። ከጉዞው በኋላ እስከ አንድ ወር ባለው ጊዜ ትኩሳትና የጡንቻ ሕመም ከመጣ ለሐኪም ረግረግ ውስጥ እንደተሄደ መናገር ያስፈልጋል። መዥገርም አለ፤ ማታ ከጉልበት ጀርባ፣ ብሽሽትና ማጅራት ይፈተሽ፣ ከተገኘ ከቆዳው አጠገብ በጠባብ መንቀያ ተይዞ ቀጥ ብሎ ይወጣ፣ ዘይትም እሳትም አይነካው። በቀናት ውስጥ እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ክብ ከታየ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

የአደን ወቅት ከመስከረም እስከ የካቲት ነው፤ የውሃ ወፍ አደን ግን ከነሐሴ ይጀምራል። በረግረግ ውስጥ ፀሐይ ከመውጣቷ ሁለት ሰዓት በፊት ጀምሮ ከጠለቀች በኋላም እስከ ሁለት ሰዓት ድረስ መተኮስ ስለሚፈቀድ በእነዚህ ወራት ጉዞው ፀሐይ ከፍ ካለች በኋላ ይሁን፤ ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ልብስም ይለበስ።

ስለ ሌሎቹ በአጭሩ። በሰሜን በሳንቶሜር አጠገብ ያለው የሮሜላር ጥብቅ ሥፍራ በእንጨት ወለል የተነጠፈ መንገድ ስላለው ለተሽከርካሪ ወንበር ከሁሉ የተመቸ ነው፤ እንጨቱ ሲረጥብ ግን ያንሸራትታል። በሳን ናዜር አጠገብ ያለው ብሪዬር በሣር ክዳን ቤቶቹ ያምራል፤ በክረምት ሰፊው ክፍል በውሃ ይዋጣልና ከግንቦት ወዲያ ይሻላል። ካማርግ ውስጥ በባሕሩ ግድብ ላይ የሚኬደው መንገድ ለፍላሚንጎ ወፎች ሲባል መታየት አለበት፤ ጥላም የመጠጥ ውሃም የለውም፣ ትንኙ ደግሞ ምሕረት አያውቅም።

የመንገድ ምልክቶቹ በአብዛኛው አገሪቱ አንድ ናቸው። ነጭና ቀይ መስመር ረጅሙን አገር አቋራጭ፣ ቢጫና ቀይ የአካባቢ ዙርን፣ ቢጫ ብቻውን ከአንድ ቀን የማይበልጠውን አጭር መንገድ ያሳያል። እንደ መስቀል የተጠላለፉ ሁለት መስመሮች ካሉ በዚያ በኩል መንገዱ አይደለም። ሩብ ሰዓት ምልክት ካልታየ ወደ መጨረሻው ምልክት መመለስ ነው፤ በረግረግ ውስጥ "ወደፊት ይገኛል" ማለት አያዋጣም።

ክቡር አዘጋጅ፣ ከእንግዲህ የጉዞ ገጻችሁ እንዲህ ያለ መንገድ ሲያስተዋውቅ ከፎቶው ሥር አምስት ነገር እንዲያትም እለምናለሁ፦ የመነሻና የመድረሻ ጣቢያውን፣ ርዝመቱን በኪሎ ሜትር፣ መንገዱ በየትኛው ዳር እንደሆነ፣ የመጨረሻው የመጠጥ ውሃ የት እንደሚገኝ፣ በየትኞቹ ወራት በውሃ እንደሚዋጥ። ሁሉም በሁለት መስመር ይጠቃለላል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የጋዜጣችሁ አንባቢ